የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በክሌር የጠፋ ቅድመ አያት፣ በጎጃም ያልተጻፈ ርስት

የዘር ቆጠራን በሚመለከት ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን በዚህ እትም አቅርበናል። ስለ አየርላንድ መዛግብት በሚነገርበት ቦታ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን በሚነገርበት ደግሞ እንደ እኛው አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ ለረጅም ዘመን አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ አየርላንድ በነርስነት እየሠራች የዚያኑ አገር ሰው አግብታ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ባለፈው ክረምት ሦስቱም መጥተው ሳሉ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን የዘር ሐረግ ሥራ አሳየኝና በእኔ በኩል እስከ ሰባት አባት ቆጥሬ አስጻፍሁት። አባቱ ግን ከአያቱ በላይ ያለውን ሰው ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ዘሩ ክሌር ከሚባል አውራጃ መምጣቱን ብቻ ነው። የአገሩ መዝገብ ሁሉ ተቃጥሏል የሚል ወሬ ሰምቶ ተስፋ ቆርጧል። ይህ እውነት ነው? እውነት ካልሆነስ ከየት ይጀምር? እርሱ ደግሞ በተራው፣ በፍጹም ትሕትና፣ እኔ ለቆጠርኋቸው ሰባት አባቶች ወረቀት ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ የምመልስለት አጣሁ።

መልስ፦ አማችዎ የሰሙት ወሬ ግማሹ እውነት ነው። በደብሊን ከተማ ፎር ኮርትስ ከሚባለው የፍርድ ቤት ሕንጻ ጋር ተያይዞ የነበረው የሕዝብ መዛግብት ቤት በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መክፈቻ፣ ጁን 30 ቀን 1922፣ በፍንዳታና በእሳት ወድሟል፤ ሰባት መቶ ዓመት የተጠራቀመ ጽሑፍ በአንድ ቀን ዐመድ ሆነ። ከ1821 እስከ 1851 በየአሥር ዓመቱ የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በስተቀር፣ የኑዛዜ ሰነዶች፣ ወደዚያ ተሰብስበው የነበሩት የአንግሊካን ሰበካዎች መዛግብትም አብረው ሄደዋል። ይሁን እንጂ እሳቱ ያልሠራው ጥፋትም ይቆጠርበታል። የ1861ና የ1871 የቆጠራ ቅጾችን ያስወገደው መንግሥት ራሱ ነው፤ የ1881ና የ1891ዎቹ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ስላነሰ ተፈጭተው ቀርተዋል። እኔ ከእሳቱ ይልቅ በዚህኛው እናደዳለሁ።

የተረፈው ግን አማችዎን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የካቶሊኮች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ወደ ደብሊን ስላልተወሰዱና በየሰበካው ካህናት እጅ ስለ ነበሩ እሳቱ አልነካቸውም፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1880 ገደማ ያሉትን በፊልም አንሥቶ ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ክፍት አድርጓቸዋል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም ሌላ ቤት ይቀመጥ ስለ ነበር ድኗል፤ ይህ ምዝገባ ካቶሊክ ላልሆኑ ሰዎች ጋብቻ በ1845፣ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ዓይነት ኩነት ደግሞ በ1864 የተጀመረ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ልደቶች፣ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ጋብቻዎችና ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሞቶች አይሪሽ ጂኒያሎጂ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከዚህ ሌላ የ1901ና የ1911 የሕዝብ ቆጠራዎች ምሉዕ ሆነው ተርፈዋል።

እንግዲህ የሥራው አካሄድ ከሚያውቁት ወደማያውቁት፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። አማችዎ ክሌር ውስጥ አንድ ስመ ጥር ሰው መርጠው ወደ ራሳቸው ለመውረድ እንዳይሞክሩ አጥብቀው ይምከሯቸው፤ ይህ በየአገሩ ያለ ፈተና ነው፣ እኛም ዘንድ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማይወለድ የደብረ ማርቆስ ሰው ማግኘት ቸግሮናል። መጀመሪያ የአባታቸውን የልደት ወረቀት ያውጡ፤ በዚያ ላይ የእናትየዋ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ስለሚጻፍ በሁለቱ ስም የአያቶቹን ጋብቻ መፈለግ ይቻላል። የጋብቻው መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽራይቱንም አባት ስምና ሥራ ይይዛልና አንድ ትውልድ ወደ ላይ ያሻግራል። የሞት መዝገብ ግን በዚያ ዘመን የሟቹን ወላጆች ስም ስለማይጠቅስ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረዳም።

በ1911ዱ ቆጠራ ላይ ያገባች ሴት በትዳር ስንት ዓመት እንደ ቆየች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደ ወለደችና ስንቱ እንደ ተረፈላት ተጠይቃለች፤ ቅጹንም በአብዛኛው የሞላው አባወራው በገዛ እጁ ስለ ሆነ የቅድመ አያትን የእጅ ጽሕፈት ማየት ማለት ነው። ስለ ዕድሜ የሚናገረውን ግን እንዳለ እንዳያምኑት። በ1901 አርባ ስምንት ዓመት የነበራት ሴት በ1911 ስልሳ አምስት ሆና ብትገኝ የጸሐፊ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ በ1908 በወጣው ሕግ ሰባ ዓመት ለሞላው ድሃ ጡረታ መከፈል ስለ ተጀመረ፣ የልደት ወረቀት የሌለው ሕዝብ ዕድሜው በድንገት መጨመሩ የሚጠበቅ ነበር። ደስ የሚለው ነገር፣ ጡረታ ጠያቂው ዕድሜውን ለማስረዳት ስሙ በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ላይ እንዲፈለግለት ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ዋናዎቹ መዛግብት ከመቃጠላቸው በፊት የተገለበጡ የእነዚያ ፍለጋዎች ወረቀቶች እስከ ዛሬ አሉ። የ1926ቱ ቆጠራ ደግሞ በሕግ መቶ ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ የተወሰነ በመሆኑ ጊዜው የሚሞላው በኤፕሪል 2026 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመንደሩን ስም ማግኘት ነው። አውራጃውን ማወቅ «ጎጃሜ ነኝ» እንደ ማለት ነው፤ ማክናማራ፣ ማክማሆን ወይም ኦብራየን የሚባል ሰው በክሌር ከቁጥር በላይ ነውና ስምና አውራጃ ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው የሌላውን ቅድመ አያት ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። የአየርላንድ መሬት እኛ ጎጥ ከምንለው ጋር በሚቀራረቡ ከ60,000 በላይ ትንንሽ ይዞታዎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው፤ ጎጦቹ በሰበካ፣ ሰበካዎቹ በአውራጃ ይጠቃለላሉ። የጎጡ ስም ከጋብቻ መዝገቡ ወይም ከ1901ዱ ቆጠራ ከተገኘ በኋላ ሁለት የግብር መዛግብት ይከፈታሉ። አንደኛው ሪቻርድ ግሪፊዝ የተባለው መሐንዲስ ከ1847 እስከ 1864 ያስጻፈው የንብረት ግምት ነው፤ በየጎጡ ቤትና መሬት የያዘውን ሰው፣ ያከራየውን ባለመሬት፣ የመሬቱን ስፋትና የተገመተበትን ዋጋ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ከ1823 እስከ 1837 የተጻፈው የአስራት መዝገብ ነው። አስራቱ የሚከፈለው ለአንግሊካን ካህናት ነበር፤ ካቶሊኩ ገበሬ የእርሱ ላልሆነች ቤተ ክርስቲያን እንዲከፍል ይገደድ ስለ ነበር በ1830ዎቹ ደም የፈሰሰበት ዐመፅ ተነሥቷል። ለገበሬው መከራ የነበረው ያ ዝርዝር ዛሬ የዘሩ ብቸኛ ማስረጃ ሆኗል።

በሁለቱ መዛግብት መካከል ከ1845 እስከ 1852 የደረሰው ታላቁ የድንች ረኃብ አለ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ከዚያ የሚበልጥም ተሰዷል። ስለዚህ በአስራቱ መዝገብ የነበረ ስም በግሪፊዝ ግምት ላይ ከጎጡ ጠፍቶ ቢገኝ አማችዎ የፈለጉበትን መንገድ ከመጠርጠራቸው በፊት ዓመቱን ይመልከቱ።

ስሞችን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የካቶሊክ ካህናት መዝገባቸውን ብዙ ጊዜ በላቲን ይጽፉ ስለ ነበር በቤቱ ጄምስ የሚባለው ሰው በመዝገቡ ያኮቡስ፣ ዊልያም የሚባለው ጉሊየልሙስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ በሰፈሩ በዓለም ስሙ የሚታወቅ ሰው በቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል ወይም ኃይለ ማርያም መሆኑን ያውቃሉና። በቤተሰብ ስም ፊት የሚገባው «ኦ» የልጅ ልጅ ወይም ዘር፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ ማለት ሲሆን በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በብዙ ቤት ተቆርጦ ቀርቶ ነበር፤ ስለዚህ ያለ «ኦ»ውም ይፈልጉ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት ስም የሚወርስበት ልማድም ነበር፤ ጥቆማ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ሁሉ ተግቶ የሠራ የካቶሊክ ገበሬ ዘር በአብዛኛው እስከ 1800 ግድም ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚሄደው ባለመሬትና ባለጸጋ የነበረው ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሰባት አባት ልምጣ። አማችዎ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም በአንድ ቃል «የለም» ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ለምን እንደሌለ ማስረዳት ይገባዎታል። በጎጃም የዘር ቆጠራ የሚጠናው ለጌጥ አልነበረም። ርስት የሚገኘው መሬቱን ካቀናው ዋና አባት፣ ከእርሱም በታች ካለው ምንዝር አባት መወለድን በመቁጠር ስለ ነበር፣ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው በሙግት ጊዜ ከጠበቃ ይበልጥ ይፈለግ ነበር። የሚቆጠረውም በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናት፣ በእናት አባት፣ በአባት እናት በኩል ርስት ይጠየቅ ስለ ነበር አንድ ሰው በብዙ ጎጥ የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ነኝ ሊል ይችል ነበር። ሌላው አገር እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ያሰፈረው ግብር አስከፋዩ መሬቱን ስለ ለካ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን በቀላድ መለካትን ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ በጦር መሣሪያ ተከላክሏል፤ አስራትን ተክቶ በመጣው የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በ1960 ዓ.ም. የተነሣው ዐመፅ ከሁሉም የታወቀው ነው። የግሪፊዝን ግምት የሚመስል መዝገብ እኛ ዘንድ ያልኖረው አያቶቻችን እንዳይኖር ስለ ተዋጉ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቆጠራም የሚጠናበት ዋና ጉዳይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ።

ያም ሆኖ ፈጽሞ ወረቀት የለም ማለት አይደለም። ርስት በፍርድ ቤት የተሟገተ ቤተሰብ የክርክሩ ፋይል ውስጥ ትውልዱ ተቆጥሮ ሊገኝ ይችላል። በጥንታውያኑ አድባራትና ገዳማት፣ እቴጌ እሌኒ ባሠሯት በመርጡለ ማርያም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በተከሉት በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በዲማ፣ በደብረ ወርቅ፣ ስለ መሬት የሚናገሩ ጽሑፎች በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይሰፍሩ ነበር፤ የሚጠቅሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ካህናትን፣ ባለጉልትንና ምስክር የቆሙ ሹማምንትን እንጂ ተራውን ገበሬ አይደለም። የእርስዎ ዘር ከደብተራ ወይም ከአለቃ የሚደርስ ከሆነ መጠየቁ አይከፋም፣ በአለቃውና በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ስለ ሆነ ለዚህ ጉዳይ አይረዳዎትም።

ይልቁንስ የቃል ቆጠራዎን እንደ መዝገብ ይያዙት። አንድ ሰው በሰባተኛው ቤት 128 አባቶችና እናቶች አሉት፤ እርስዎ ለልጁ ያስጻፉት ከእነዚያ አንዱን ብቻ ነው። እናትዎን፣ የእናትዎን እናት፣ የሚስትዎን ወገን ጨምሩበት። እያንዳንዱን ስም ከክርስትና ስሙ፣ ከተቀበረበት ደብርና ከጎጡ ጋር ይጻፉ፤ ማን እንደ ነገረዎትና በየትኛው ቀን እንደ ነገረዎትም ያስፍሩ። ከዚያም ተመሳሳዩን ቆጠራ ከሌላው የዘር ቅርንጫፍ ሽማግሌ ሳያስታውሱ፣ ማለትም የእርስዎን ሳያነቡላቸው፣ ያስቆጥሩ። እኔ የራሴን እንዲህ ባስቆጠርሁ ጊዜ አያቴ ሁለት ሰው መዝለሏን ደረስሁበት። የዘለለችው ረስታ አልነበረም፤ ከሁለቱ አንዱ በሙግት የተረታ ሰው ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ምክር ለልጅ ልጅዎ፦ የዘር ሐረግ ማስገቢያ ቅጾች ሁሉ የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ ስላላቸው የእርስዎን ወገን ሲያስገባ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ መስለው ይታያሉ። በዚያ ቦታ የአባትን ስም ጽፎ፣ በማስታወሻው ላይ «በኢትዮጵያ ይህ የአባት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ አትለውጠውም» ብሎ ያስፍር።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቡሬ ነው። የእናቴ እናት የተወለዱት በ1934 ዓ.ም. ሲሆን አባታቸው ጃንሆይን አጅቦ ከገባው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ አይሪሽ መኮንን ነው እየተባለ በቤታችን ይነገራል። ስሙ ጆን ይባል ነበር ከማለት በቀር የምናውቀው የለም። አያቴ አሁንም በሕይወት አሉ። ይህን ሰው ማግኘት ይቻላል? በእርሱ ምክንያት የአየርላንድ ዜግነት ይገባኛል የሚሉኝ ጓደኞችም አሉ።

መልስ፦ ከዜግነቱ ልጀምርና ቶሎ እንለፈው። የአየርላንድ ሕግ አያቱ በአየርላንድ ምድር የተወለደ ሰው ተመዝግቦ ዜግነት እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የእርስዎ ግን ቅድመ አያት ነው፣ ወላጅዎም እርስዎ ከመወለድዎ በፊት በዚያ መዝገብ ላይ አልገቡም። በዚያ ላይ የሚጠየቀው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተያያዘ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። የጓደኞችዎን ምክር ይተዉት።

ሰውየውን መፈለግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ታሪኩም ከጊዜው ጋር አይጋጭም። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው፣ በኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጊዲዮን የተባለው ጦር በቡሬና በደምበጫ በኩል እየተዋጋ ከሄደ በኋላ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አየርላንዳውያን በፈቃዳቸው በእንግሊዝ ጦር ውስጥ አገልግለዋል፤ ከሰሜኑ ክፍል የመጡትም የእንግሊዝ መንግሥት ዜጎች ሆነው ራሳቸውን አይሪሽ ማለታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ጦር አብዛኛው ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ ነበር፤ አውሮፓውያኑ ጥቂቶች ናቸው። ጥቂት መሆናቸው ለእርስዎ መልካም ነው፣ የሚመረመረው የስም ዝርዝር አጭር ይሆናልና። የየክፍሉ የጦር ሜዳ የቀን መዝገብ ለንደን ውስጥ ኪው በተባለው ሰፈር በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚጠበቅ ሲሆን በየወሩ ማን የት እንደ ነበረ ይናገራል። ከስም በፊት ቦታና ወር ይወስኑ፦ አያትዎ የተወለዱበት ወር ከታወቀ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ በዚያ ጊዜ ቡሬ ላይ የሰፈረው የትኛው ክፍል እንደ ነበር መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ 1934 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በአብዛኛው የእነርሱ 1941፣ ከዚያ በኋላ ያለው 1942 ነው። አያትዎ የተወለዱት በዓመቱ መጨረሻ ከሆነ ዋናው ጦር ከጎጃም ከወጣ በኋላ የተፀነሱ ናቸው ማለት ነውና ፍለጋው ወደ ሌላ ሰው ሊዞር ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ የዘረ መል ምርመራ ነው። እርስዎ ቢመረመሩ ከአንድ ቅድመ አያት የሚደርስዎት በአማካይ አሥራ ሁለት ተኩል በመቶ ነው፤ አያትዎ ግን ግማሹን ከአባታቸው ወስደዋል። ስለዚህ የሚመረመር ሰው ካለ እርሳቸው ናቸው። አየርላንዳውያንና ወደ አሜሪካና አውስትራሊያ የተሰደዱ ዘሮቻቸው ይህን ምርመራ በብዛት ስለሚያደርጉ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ደረጃ ዘመድ ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ ለደብረ ማርቆሱ መምህር በጻፍሁት መንገድ መሄድ ነው። ነገር ግን አስቀድመው የአያትዎን ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጥያቄውንም በሰው ፊት አያንሡባቸው። እናታቸው ያንን ዘመን እንዴት እንዳለፉት የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው፤ ሊናገሩት ያልፈለጉት ነገር ሊኖር ይችላል። እምቢ ካሉ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነዋሪ ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ በስድስተኛው ቤት አንድ ስም ላይ ተገናኘን። የእኛ ወገን «አንድ ሰው ነው» ሲል የእርሱ ወገን «ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ሰውየው ሌላ ነው» ይላል። ለመሆኑ በሌላው ዓለም ሰባት ቤት የሚቆጥር አለ? እንዲህ ያለው ክርክርስ በምን ይፈታል?

መልስ፦ አለ፤ ወይም ነበረ። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያንም እስከ 1215 ድረስ የምትከለክለው እስከ ሰባት ትውልድ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሮም የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ወደ አራት ዝቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በቅድመ አያት የሚገናኙ ሁለት ካቶሊኮች ለመጋባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ስለ ነበር የአየርላንድ ካህናት በጋብቻ መዝገቡ ዳር «በሥጋ ዝምድና፣ በሦስተኛ ደረጃ» የሚል ማስታወሻ በላቲን ይጽፉ ነበር። ዘር ፈላጊዎች ያችን አጭር ማስታወሻ ሲያገኙ እንደ ወርቅ ይቆጥሯታል፤ ባልና ሚስቱ አንድ ቅድመ አያት እንዳላቸው ሌላ መዝገብ በጠፋበት ትነግራቸዋለችና።

የእናንተን ክርክር በሚመለከት፣ ስም ብቻውን ሰውን አይለይም። በአየርላንድ በአንድ ጎጥ አምስትና ስድስት ሰው በአንድ ስም ሲጠራ የግሪፊዝ ጸሐፊዎች ከስሙ ጎን የአባቱን ስም በቅንፍ ያስገቡ ነበር፤ ፓትሪክ መርፊ ብለው በቅንፍ ማይክል ካሉ የማይክል ልጅ ፓትሪክ ማለታቸው ነው፣ ልክ እንደ እኛ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ስለ ስድስተኛው ሰው አራት ነገር ለየብቻ ይጠይቁልኝ፦ የአባቱ ስም ማን ነው? የክርስትና ስሙስ? ርስቱ በየትኛው ዋና አባት መሬት ላይ ነበር? የተቀበረው በየትኛው ደብር ነው? ሁለቱ ወገኖች ሳይመካከሩ የሰጧቸው መልሶች ቢያንስ በሦስቱ ከገጠሙ ሰውየው አንድ ነው ብዬ እፈራለሁ። በአባትና በደብር ከተለያዩ ግን የእጮኛዎ ወገን እውነት አላቸው። ዕድሜም ያመሳክሩ፤ አንደኛው ወገን ሰውየው በአድዋ ዘመቻ ጊዜ ጎልማሳ ነበር ሲል ሌላው ገና ሕፃን ነበር ካለ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም።

መልሶቹ ግማሽ በግማሽ ቢሆኑ፣ ወይም ሰውየው አንድ መሆኑ ተረጋግጦ በስድስተኛው ቤት መገናኘታችሁ ቢቆረጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የንስሐ አባታችሁ ነው፤ የአንድ መጽሔት ዓምድ የሚፈርድበት አይደለም። የሽማግሌዎቹን ቆጠራ ግን ሳይበተኑ በጽሑፍ አስፍራችሁ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቅጂ ስጡ።